ግማሽ ኪሎ የሚመዝን አንድ ፍሬ

በፔሩና በኢኳዶር ቆላ ዛሬም በራሱ የሚበቅል የዱር ቲማቲም አለ። ፍሬው ከአተር ብዙም አይተልቅም፤ ሲበስል ይቀላል፤ ቢቆርጡት ውስጡ ሁለት የዘር ጓዳ ብቻ ነው። ወፍ በአንዴ ትውጠዋለች፤ ዘሩን የምትበትንለት እሷ ስለሆነች ለተክሉም የሚበጀው ይኸው ነው። ግማሽ ኪሎ የሚመዝን፣ አሥር ጓዳ ያለው፣ ጎኑ የተሸበሸበ ፍሬ ግን ለዱር ተክል ሸክም ነው፤ ቅርንጫፉን ይሰብርበታል፣ መሬት ነክቶም ይበሰብሳል። ስለዚህ ትልቁ ቲማቲም ሰው የፈለገው፣ ሰው የመረጠው፣ ሰው እንጨት ተክሎ ደግፎ ያቆመው ፍሬ ነው። የዚህ ምርጫ ታሪክ ረጅም ነው፤ ስንከተለው ደጋግሞ የሚያሳየን አንድ ነገር አለ። ትልቅነትና ጣዕም በአንድ ፍሬ ውስጥ ተስማምተው የኖሩት አብቃዩና በላተኛው አንድ በሆኑበት ቦታ፣ ማለትም በጓሮ ነው፤ የተለያዩት ደግሞ ፍሬው ሩቅ መንገድ መጓዝ ሲጀምር ነው። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከዱር ወደ ጓሮ የመጣበትን ጉዞ የጻፈ ሰው የለም፤ ተክሉ ግን በገዛ ዘረ መሉ ውስጥ ይዞት ቆይቷል። መጀመሪያ ደቡብ አሜሪካ ውስጥ ፍሬው ትንሽ ጎላ አለ፤ ኋላ ወደ ሰሜን ዘልቆ በሜክሲኮ ምድር ገዘፈ። የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2000 የፍሬን መጠን ከሚወስኑት ጂኖች አንዱን ለይተው አወጡ፤ ይህ ጂን ብቻውን የፍሬውን ክብደት እስከ 30 በመቶ ሊለውጥ ይችላል። ይበልጥ የሚያስደንቀው ግን የዘር ጓዳዎቹ ነገር ነው። በተክሉ ጫፍ ላይ ቅጠልና አበባ የሚያወጡ ሕዋሳት አሉ፤ ከልክ በላይ እንዳይበዙ የሚይዛቸው ልጓምም አለ። ያ ልጓም በአንዳንድ ተክሎች ላይ በዘረ መል ለውጥ ምክንያት ላላ፤ አበባው ሰፋ፤ ሁለት ጓዳ የነበረው ፍሬ ስድስት፣ ስምንት፣ አሥር ጓዳ አወጣ። ትልቅ ቲማቲም በቢላ ስንከፍል በወፍራሙ ሥጋ መካከል ተበታትነው የምናያቸው ትንንሽ የዘር ኪሶች የዚያ ለውጥ ምልክት ናቸው። ለውጡ በራሱ ግን ምንም ባልፈየደ ነበር። ያንን የተዛባ አበባ አይቶ ፍሬውን የጠበቀ፣ ቀምሶ የወደደ፣ ዘሩንም ለይቶ ለመጪው ዝናብ ያስቀመጠ ሰው ባይኖር ኖሮ ነገሩ በዚያው ክረምት ተረስቶ ይቀር ነበር።

ስፓኞች በ1521 የአዝቴኮችን መናገሻ ቴኖችቲትላንን ሲይዙ ይህ ሥራ አብዛኛው ተጠናቆ ነበር። በአዝቴኮቹ በናዋትል ቋንቋ ቶማትል ክብና ውኃማ የሆነ ፍሬ ሁሉ የሚጠራበት ስም ነው፤ ዛሬ ቲማቲም የምንለው ሺቶማትል ይባል ነበር፤ አማርኛን ጨምሮ ብዙ የዓለም ቋንቋዎች የሚጠሩት ቶማትል ከሚለው በወጣ ስም ነው። ከድሉ በኋላ በሜክሲኮ የኖረው የፍራንቸስካን መነኩሴ በርናርዲኖ ደ ሳሃጉን የአገሬውን ሰዎች እየጠየቀ ባጠናቀረው ሰፊ መጽሐፍ ውስጥ የገበያዋን ቲማቲም ሻጭ እናገኛታለን። ትልልቁንም ትንንሹንም፣ ቢጫውንም ደማቅ ቀዩንም፣ ቅርጹ የተለያየውንም በየዓይነቱ አሰናድታ ትሸጣለች። ገበያ እንደነበረ አይካድም። ሆኖም ፍሬው በሰው ጀርባና በታንኳ ከቅርብ መደብ ወደ ቅርብ ከተማ የሚሄድበት ገበያ ነበር፤ ሻጯም ገዢዋም የትኛው ለወጥ፣ የትኛው ለድልህ እንደሚሆን የሚያውቁበት። በዚህ ዓይነት ገበያ የቆዳ ጥንካሬ ዋጋ የለውም።

አውሮፓ መጀመሪያ ያየችው ቲማቲም ትንሹና ክቡ አልነበረም። ጣሊያናዊው ሐኪም ፒየትሮ አንድሬያ ማቲዮሊ በ1544 ስለ አዲሱ ፍሬ ሲጽፍ ጠፍጣፋና ባለ ሽብሽብ፣ ሲበስልም ወርቃማ አድርጎ ገልጾታል፤ ብዙ ጓዳ ያለው ትልቁ ዓይነት ነበር ማለት ነው። በ1548 ጥቅምት መጨረሻ ላይ ፒሳ ለነበረው የፍሎረንሱ መስፍን የኮዚሞ ዴ ሜዲቺ ቤተሰብ ከርስታቸው አንድ ቅርጫት ቲማቲም መጣ፤ የቤቱ መጋቢም በደህና መድረሱን በደብዳቤ አስታወቀ። እንግሊዛዊው ጆን ጄራርድ በ1597 ባሳተመው የዕፅዋት መጽሐፍ ፍሬው የዝይ እንቁላል እንደሚያህል መሰከረ፤ ሽታውን ግን ክፉኛ ነቀፈ። ሰሜን አውሮፓ ለረጅም ጊዜ እንደ ጌጥ ተክል ስታየው ደቡቡ ቀስ እያለ ወደ ማድ ቤት አስገባው። በኔፕልስ ያገለግል የነበረው አንቶኒዮ ላቲኒ በ1692 መታተም በጀመረው የምግብ መጽሐፉ ውስጥ የስፓኝ ዓይነት የቲማቲም ስጎ አሠራር አስፍሯል፤ ከሽንኩርትና ከቃሪያ ጋር። ቲማቲምና ቃሪያ ከአንድ አህጉር ወጥተው በባዕድ ድስት ውስጥ እንደገና ተገናኙ።

ፍሬው አትላንቲክን መልሶ ተሻግሮ ሰሜን አሜሪካ ሲገባ የተቀበለው የጓሮ አትክልተኛ ነው። ፕሬዚዳንት የነበረው ቶማስ ጄፈርሰን ከ1809 ጀምሮ በሞንቲሴሎ ርስቱ ቲማቲም ያስተክል ነበር፤ በአትክልት መዝገቡም ውስጥ ከተራው በጣም የሚተልቅ የስፓኝ ዓይነት እንዳለው ጽፏል። በእጃቸው የሚተክሉት፣ የሚኮተኩቱትና የሚለቅሙት በባርነት የተያዙ ጥቁሮች እንደነበሩ መዘንጋት የለበትም፤ የጓሮ ታሪክ ሁልጊዜ የነፃነት ታሪክ አይደለም። የዚያ ዘመን ትልቅ ቲማቲም ጣዕሙ ቢወደድም ቅርጹ አስቸጋሪ ነበር። ሽብሽቡ ጥልቅ፣ ውስጡ አንዳንዴ ባዶ፣ እንብርቱ ጠጣር ነው። ጎኑ ለቢላ አይመችም፤ ሳጥን ውስጥ ሲደረደር ይሰነጠቃል።

ይህን ችግር ዕድሜውን ሙሉ የያዘው የኦሃዮው አሌክሳንደር ሊቪንግስተን ነው። በሬይኖልድስበርግ ከተማ ዘር ያመርት የነበረው ይህ ሰው ለዓመታት ሁሉም እንደሚያደርገው አደረገ፤ ካገኘው ፍሬ ሁሉ ትልቁንና ለስላሳውን መርጦ ዘሩን ዘራ። ልጆቹ ግን ወደ አያቶቻቸው ሽብሽብ ተመለሱ፤ ዘር ከልጓም ይስባል እንደሚባለው። በመጨረሻ የተረዳው ነገር ትልቅ ነው፤ መመረጥ ያለበት ፍሬው ሳይሆን ተክሉ ነው። ማሳውን ሲዞር ፍሬዎቹ ሁሉ አንድ ዓይነት፣ ሁሉም ለስላሳ የሆኑለት አንድ ተክል አገኘ፤ መጠናቸው ግን ትንሽ ነበር። የዚያን ተክል ዘር ለብቻው ዘርቶ፣ ጥሩ አፈርና ሰፊ ቦታ ሰጥቶ፣ ከዓመት ዓመት እየለየ መጠኑን አሳደገው። በ1870 ፓራጎን የሚል ስም ሰጥቶ ለገበያ አወጣው። የዘመናዊው ክብ ቀይ ቲማቲም አባት ብሎ መጥራት ማጋነን አይመስለኝም። በሊቪንግስተን እጅ ጣዕም አልጠፋም፤ ይህንን መመስከር ተገቢ ነው። ሆኖም ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ምርጫው የሚጠይቀው ጥያቄ ተለወጠ። እንዴት ይጣፍጣል ከሚለው ጎን እንዴት ይደረደራል የሚለው መጣ፤ እየዋለ እያደረም ቀዳሚውን ቦታ ያዘ።

ገበያው ምን ያህል እንዳደገ የሚያሳየው የፍርድ ቤት ክርክር ነው። በ1883 የወጣው የአሜሪካ ቀረጥ ሕግ ከውጭ በሚገባ አትክልት ላይ ቀረጥ ሲጥል ፍራፍሬን ነፃ አድርጎ ነበር። ኒክስ የተባሉ ነጋዴዎች ቲማቲም ፍራፍሬ ነው ብለው የኒውዮርክ ወደብ ቀረጥ ሰብሳቢውን ሄደንን ከሰሱ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1893 በዕፅዋት ሳይንስ ፍሬ ቢሆንም ሕዝቡ ከዋናው ምግብ ጋር የሚበላው አትክልት ነው ሲል ፈረደ። ከዚያ ሁለት ዓመት በፊት፣ በ1891፣ የኒውዮርኩ ዘር ነጋዴ ፒተር ሄንደርሰን ድርጅት ፖንደሮሳ የተባለውን ግዙፍ ሐምራዊ ቲማቲም ለቤት አትክልተኞች አቅርቦ ነበር። እንግዲህ መንገዱ እዚህ ላይ ለሁለት ተከፈለ። አንደኛው በመርከብና በባቡር የሚመጣው ቲማቲም ነው፤ ሌላው ደግሞ በፖስታ በተላከ ዘር በየጓሮው የሚበቅለው።

በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ የመጡት ለውጦች ለንግዱ መንገድ በጣም አመቹ። በ1914 ፍሎሪዳ ውስጥ ቁመቱ በራሱ የሚቆም ተክል ተገኘ፤ ድጋፍ አይፈልግም፣ ፍሬውም በአንድ ጊዜ ይደርሳል። በ1930 ገደማ ደግሞ አርቢዎች ሳይበስል እኩል ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ ሆኖ፣ ሲበስልም እኩል የሚቀላ ፍሬ አገኙ፤ ትከሻው ላይ የሚቀረው ጥቁር አረንጓዴ ጠፋ፤ የመልቀሚያውን ጊዜ ማወቅ ቀለለ። በሁለቱ መካከል፣ በ1925፣ የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት ማርግሎብን አወጣ። ይህ ስም ለኢትዮጵያ ቲማቲም አምራች እንግዳ አይደለም፤ ማርግሎብ በአገራችን የአትክልት እርሻ ለብዙ ዓመታት የተመረተ ዝርያ ነው። ስለ ማርግሎብ በጎውን መናገር ያስፈልጋል፤ ክብ፣ መካከለኛና ከዚያ በላይ መጠን ያለው፣ ሥር ገብቶ ተክሉን የሚያጠወልገውን የፉዛሪየም በሽታ የሚቋቋም ነው። ያለ እንዲህ ዓይነቱ ሥራ ብዙ ማሳ ባድማ ይሆን ነበር። የዝርያ ማሻሻል ጣዕምን አጠፋ ብሎ በጅምላ መፍረድ ስህተት ነው፤ ተመራማሪው የሚያሻሽለው የተጠየቀውን ነው፤ ጠያቂው ነጋዴ ሲሆን መልሱም ለነጋዴ የሚመች ይሆናል።

ጠያቂውም መላሹም አንድ ሰው ሲሆን ምን እንደሚገኝ የሚያሳየው በዌስት ቨርጂኒያ ሎጋን የኖረው ማርሻል ባይልስ ነው። ከተራራ ግርጌ ጋራዥ ነበረው፤ ዳገቱን ሲወጡ ሞተራቸው የሚግልባቸው ጭነት መኪናዎች ራዲያተር እየጠገነ ስለሚኖር ራዲያተር ቻርሊ ይሉት ነበር። ስለ ዝርያ ማዳቀል ትምህርት አልነበረውም። በ1930ዎቹ፣ በዚያ የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን፣ ጀርመን ጆንሰን የሚባል ትልቅ ቲማቲም መሐል ላይ ተከለ፤ ዙሪያውን ደግሞ ያገኛቸውን ትልልቅ ዓይነቶች አሥር ተክል አቆመ። የሕፃናት ጆሮ ማጠቢያ በሆነች ትንሽ የጎማ መምጠጫ የዙሪያዎቹን ብናኝ እየሰበሰበ የመሐሉን አበባ አዳቀለ። ከተገኘው ዘር ምርጡን ችግኝ በማግስቱ ዓመት መሐል ላይ ተክሎ ያንኑ ደገመ። ስድስት ዓመት እንዲህ ከሠራ በኋላ የሚፈልገውን አገኘ፤ ትልቅ፣ ሥጋው ወፍራም፣ ዘሩ ጥቂት፣ ጣዕሙ ለስላሳ። ችግኙን አንዱን በ1 ዶላር ይሸጥ ጀመር፤ ያኔ 1 ዶላር ቀላል ገንዘብ አልነበረም። ራሱ እንደተናገረው በስድስት ዓመት ውስጥ የ6,000 ዶላር የቤት ዕዳውን ከፈለ። ዝርያውም የቤት ዕዳ አንሺ የሚል ትርጉም ያለው ሞርጌጅ ሊፍተር የሚል ስም ወጣለት። ልብ ማለት የሚገባው ባይልስ የሸጠው ቲማቲም ሳይሆን ችግኝ መሆኑን ነው። ፍሬው ከሎጋን ወጥቶ ሩቅ እንዲሄድ አላስፈለገውም፤ የተጓዘው ገዢው ነበር፤ ፍሬውም በገዢው ጓሮ በሰለ። ስለዚህ ልጣጩ ስስ ቢሆን፣ ሲነኩት ቢበጣ፣ አንድም ሳንቲም አያጎድልበትም።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት የቤት አትክልትን የሕዝብ ሥራ አደረገው። አሜሪካ ውስጥ ወደ 20 ሚሊዮን የሚጠጉ የድል ጓሮ የተባሉ የቤት አትክልት ቦታዎች እንደነበሩ ይገመታል፤ ቲማቲም ከዋነኞቹ ተክሎች አንዱ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ፣ በ1949፣ የበርፒ ዘር ድርጅት ኦቬድ ሺፍሪስ ያዳቀለውን ቢግ ቦይ አወጣ። ትልቅ፣ ብርቱ፣ ብዙ የሚያፈራ ድቅል ነበር፤ አትክልተኛው ወደደው። ነገር ግን የድቅል ዘር ተቀምጦ ቢዘራ እናቱን አይመስልም፤ በየዓመቱ መግዛት ያስፈልጋል። ድቅሉ ተቃዋሚዎቹ ያሉትን ያህል ክፉ ነገር አልነበረም፤ ጓሮው ግን ዘር የሚጠብቅበት ምክንያት እየቀነሰ ሄደ።

የንግዱ ቲማቲም ከዚህ በኋላ የሄደበት ርቀት አስደናቂ ነው። ለፋብሪካ ድልህ የሚሆነውን ቲማቲም ብንወስድ፣ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ የዝርያ ባለሙያው ጃክ ሃና እና መሐንዲሱ ኮቢ ሎረንዘን ተክሉንና ማሽኑን አንዱን ለሌላው እያመቻቹ አብረው ሠሯቸው፤ ፍሬው ማሽን እንዲችል ጠነከረ፣ ማሽኑም ለዚያ ፍሬ ተበጀ። ከሜክሲኮ የሚመጡ የእርሻ ሠራተኞች ስምምነት በ1964 ሲያበቃ ማሽኑ በአጭር ጊዜ ማሳውን ተቆጣጠረው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ 4,000 ገደማ የነበሩት የካሊፎርኒያ የፋብሪካ ቲማቲም አምራቾች በ1973 ወደ 600 ወረዱ። ለሰላጣ የሚሆነው ደግሞ በፍሎሪዳ በእጅ መለቀሙ ቀጠለ፤ የሚለቀመው ግን ገና አረንጓዴ ሳለ ነው፤ ቀለሙ የሚመጣው መጋዘን ውስጥ በኤትሊን ጋዝ ነው። እዚህ ላይ አንድ ጠንካራ ተቃውሞ ይነሳል። ጓሮ የሌለው የከተማ ሰው በክረምትም በበጋም በመጠነኛ ዋጋ ቲማቲም እንዲያገኝ ያደረገው ይህ ሥራ ነው፤ ከመቂና ከዝዋይ በእንጨት ሳጥን ተጭኖ አዲስ አበባ የሚገባው ቲማቲምም ካልጠነከረ መንገድ ላይ ያልቃል። እውነት ነው፤ ይህንን የሚክድ የሚሊዮኖችን ወጥ ይንቃል። እኔ የምለው ግን ሌላ ነው። መንገድ የሚችለው ቲማቲም ለመንገዱ የተሠራ ነው፤ በእሱ መለኪያ የጓሮውን ትልቅ ቲማቲም ደካማ ማለት አይገባም፤ የጓሮው ከተክሉ እስከ ሳህኑ የሚሄደው ሃያ እርምጃ ነውና።

የአያቶች ዘር ሊጠፋ በተቃረበበት ሰዓት በ1975 ኬንት ዌሊና ዳያን ኦት ዌሊ ሲድ ሴቨርስ ኤክስቼንጅ የተባለውን የዘር ጠባቂዎች ማኅበር መሠረቱ። ካስነሷቸው ነገሮች አንዱ የዳያን አያት የሰጧቸው፣ ቤተሰቡ ከባቫሪያ ይዞት የመጣ ትልቅ ሐምራዊ ቲማቲም ነው። በ1982 ደግሞ በኦሃዮ የሚኖሩት አዛውንቱ የዘር ሰው ቤን ኩዊሰንቤሪ አንድ ቤተሰብ ከ80 ዓመት በላይ ያቆየውን ብራንዲዋይን ለማኅበሩ አበረከቱ። ቅጠሉ የድንች ቅጠል ይመስላል፤ ፍሬው ሐምራዊና ግዙፍ ነው፤ ከአንድ ተክል የሚለቀመው ግን ብዙ አይደለም። ዘሩ ይህን ያህል ዘመን ሳይበረዝ የቆየው የቲማቲም አበባ አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ብናኝ ስለሚፀንስ ነው፤ ያለ ላቦራቶሪ ማንም ቤተሰብ ሊጠብቀው ይችላል። ከበሰለ ፍሬ ዘሩን ከነልቃቂው አውጥቶ፣ በዕቃ ውስጥ ሁለት ሦስት ቀን አቡክቶ፣ አጥቦ በጥላ ማድረቅ ይበቃል። የአያት ዘር በበሽታ ይጎዳል፣ በብርድ ያበበው ይጠማዘዛል፣ ደርቆ የቆየ መሬት በድንገት ውኃ ሲጠጣ ፍሬው ይሰነጠቃል የሚሉ ሰዎች ልክ ናቸው። ለአንድ ሄክታር ይህ ኪሳራ ነው። ለስድስት ተክል ግን በየቀኑ የሚታይ፣ በእጅ የሚታረም ነገር ነው፤ እኩል ማጠጣት፣ ሥሩን በገለባ መሸፈን፣ የታችኛውን ቅጠል ማንሳት።

ትልቅነት ብቻውን ግብ ሲሆን ወዴት እንደሚሄድም ታሪኩ ያሳያል። በ1986 ኦክላሆማ ውስጥ ጎርደን ግራሃም 3.51 ኪሎ የሚመዝን ቲማቲም አበቀለ፤ ክብረ ወሰኑ ለ28 ዓመት ሳይደፈር ቆይቶ በ2014 በሚኒሶታ 3.81 ኪሎ በመዘነ ፍሬ ተሻረ። እንዲህ ዓይነቱ ፍሬ የሚገኘው ብዙ አበቦች ተዋህደው ከፈጠሩት አንድ ወፍራም አበባ ነው፤ አብቃዩ ሌሎቹን ፍሬዎች ቀጥፎ ተክሉ ያለውን ሁሉ ለአንዱ እንዲሰጥ ያደርጋል። ለትዕግሥቱ አክብሮት ይገባዋል፤ ሚዛን ግን ምላስ የለውም።

ሳይንሱ ለጉዳዩ የመጨረሻውን ብርሃን የሰጠው ቅርብ ጊዜ ነው። በ2012 የወጣ ጥናት ያ እኩል የሚቀላው ፍሬ ምን እንዳጣ አሳየ። የጠፋው የትከሻ አረንጓዴ ፍሬው ራሱ ከፀሐይ ስኳር የሚሠራበት ክፍል ነበር። በ2016 ደግሞ በፍሪጅ ቅዝቃዜ ሰባት ቀን የቆየ ቲማቲም ስኳሩ ብዙም ሳይቀንስ መዓዛውን የሚሰጡትን ቅመሞች እንደሚያጣ፣ ወደ ሙቀት ቢመለስም እንደማያገኛቸው ታወቀ። በ2017 የታተመውና ወደ 400 የሚጠጉ ዝርያዎችን ዘረ መል የመረመረው የፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲው ሃሪ ክሊና የባልደረቦቹ ጥናት ግን ለትልቁ ቲማቲም ወዳጆች ከሁሉ የከበደውን ተቃውሞ ይዞ መጣ፦ ፍሬው በተለቀ ቁጥር ስኳሩ ያንሳል። ታዲያ ትልቁን ማሞገስ ከንቱ ነው? አይመስለኝም። ስኳር አብዛኛው ከቅጠል የሚመጣ ሀብት ነው፤ ጥያቄው ስንት ቅጠል ስንት ኪሎ ይመግባል የሚለው ነው። ቁመቱ በራሱ የሚቆመው የንግድ ተክል በጥቂት ቅጠል ብዙ ትልልቅ ፍሬ በአንዴ እንዲሸከም ይጠየቃል፤ ያኔ የእያንዳንዱ ድርሻ ይቀጥናል፤ ይባስ ብሎም ሳይጠግብ ይለቀማል። ብራንዲዋይን ግን ክረምቱን ሙሉ እያደገ፣ ቅጠሉን እያበዛ፣ ለጥቂት ፍሬ ይለግሳል፤ ፍሬውም እስኪበስል ከእናቱ አይለይም። ከትንሹ የቼሪ ቲማቲም እኩል አይጣፍጥ ይሆናል፤ ጣፋጭነትም የጣዕም አንዱ ክፍል ብቻ ነው። ኮምጣጣው፣ መዓዛው፣ በጥርስ ሥር የሚገኘው ወፍራም ሥጋ አብረው ይቆጠራሉ። በወፍራሙ ተቆርጦ ጨውና ቃሪያ ብቻ ነክቶት የሚበላ ቲማቲም ከትንሹ ፍሬ አይገኝም።

እነ ክሊ የአያት ዘርን ከዘመናዊ ዝርያ ጋር አዳቅለው ጋርደን ጄምና ጋርደን ትሬዠር የተባሉ፣ ጣዕማቸው የተመሰከረላቸው ቲማቲሞችን አወጡ። ትልልቆቹ አምራቾች አልተቀበሏቸውም፤ ጋርደን ጄም ለምሳሌ ፍሬው ስለሚያንስ የመልቀሚያ ጉልበቱ አያዋጣም ተባለ። ዩኒቨርሲቲው ግን ለምርምሩ ጥቂት ገንዘብ ለሚለግስ የቤት አትክልተኛ ዘሩን በፖስታ መላክ ጀመረ፤ ፖስታዎቹም በየአገሩ ወዳለ ጓሮ ሄዱ።